የኮታዋ መኪና

ባለፈው ወር ከተበላ ከተማ ወደ ሶዶ ስመለስ የተሳፈርኩበት ሚኒባስ ዳገቱ ላይ ፈላ። ሾፌሩ ዳር አስይዞ አቆመና ሁላችንንም አስወረደን። የራዲያተሩን ክዳን በጨርቅ ይዞ ቀስ ብሎ ሲያላላው እንፋሎቱ እያፏጨ ወጣ። የዛገ ብረት፣ የፈላ ውሃ፣ ትንሽ የጋለ ጎማ ሸተተ። ሌላው ተሳፋሪ አፍንጫውን ይዞ ሲሸሽ እኔ ጠጋ አልኩ።

"እማማ፣ ራቅ ይበሉ። ያቃጥልዎታል።"

"ውሃውን ከየት ነው የቀዳኸው?" አልኩት።

ጀሪካኑን አንስቶ ሰጠኝ። ወደ ብርሃን አዙሬ አየሁት፤ ጥርት ያለ ነው።

"ምን እየፈለጉ ነው?"

"አፈር" አልኩት። እሱ ሳቀ። እኔ ደግሞ መንገድ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀምጬ፣ ሞተሩ እስኪቀዘቅዝ ድረስ፣ ከብዙ ዘመን በፊት የሞተች አንዲት መኪና ሳስብ ቆየሁ።

ያኔ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ቤታችን ከበዴሳ ወደ ሶዶ በሚወስደው መንገድ ዳር ነው፤ ደመና ካልከለለው የዳሞታ ተራራ ከደጃችን ይታያል። በእኛ አገር ሁለት ሰዎች አዋጥተው አንዲት ላም ሲገዙ ኮታ ይባላል። ላሚቱ አንድ ሳምንት እዚህ ቤት፣ አንድ ሳምንት እዚያ ቤት ታድራለች፤ በየተራ ትታለባለች። ብትታመም የሁለቱም ጭንቀት ናት። ያን ዓመት አባቴና ጎረቤታችን ጋሽ ዳልኬ በኮታ የገዙት ግን ላም አልነበረም። ከአንድ ቡና ነጋዴ እጅ የወጣች አሮጌ ፒካፕ ነበረች።

የአንዱ በሯ ቀለም ከሌላው አይገናኝም። የኋላ መስታወቷ ወልቆ ካርቶን ገብቶበታል። ግንባሯ ላይ አንድ ሰው ነጭ ቀለም ደፍቶባት ነበርና እኔ ቦራ አልኳት፤ ግንባሯ ላይ ነጭ ያለባትን ላም እንዲያ ነው የምንላት። ሰፈሩም እንዲሁ ብሎ ጠራት።

ሁለቱ ሰዎች ከላም በቀር ሌላ የኮታ ሕግ አያውቁም፤ ስለዚህ የላሙን ሕግ ለመኪናዋ ሰጧት። እሑድ እሑድ ከጸሎት ቤት መልስ ርክክብ ይደረጋል። ተረካቢው ዙሪያዋን ይዞራል፣ ጎማዋን በእግሩ ይገፋል፣ ሆዷን ጎንበስ ብሎ ያያል። ከዚያ ሁለቱም ባርኔጣቸውን አውልቀው አጭር ጸሎት ያደርጋሉ። ጸሎቱ ስለ ሌላ ሳይሆን ስለ ፍሬኗ ነበር።

የእኔ ሥራ ውሃ ነው። የቦራ ራዲያተር ያንጠባጥባል። በእኛ ሳምንት በየማለዳው ጀሪካን ይዤ ወደ ምንጩ እወርዳለሁ፤ አንዱን አፏ ውስጥ አፈስሳለሁ፣ ሌላውን ለመንገድ እጭንላታለሁ። ውሃው ሲገባ ጉሮሮዋ እንደ ሰው ጉርጉር ሲል እሰማለሁ። ጠጥታ ስትጨርስ ትንሽ ወደ ውጭ ትተፋለች፤ ያን ጊዜ "ጠገበች" እላለሁ። አባቴም "ጠገበች?" ብሎ ይጠይቀኛል እንጂ "ሞላ?" ብሎ አያውቅም። ታዲያ እኔ ምን ላስብ?

ስትሰበር የሚመጣው ጋሽ ሎሃ ነበር። በሶዶ ጋራዦች ያረጀ መካኒክ ነው፤ መፍቻዎቹን በጆንያ ጠቅልሎ በትከሻው ይዞ ይመጣል። መኪናዋ ሥር ገብቶ በጀርባው ይተኛና እግሩ ብቻ ይታያል። ከእግሩ አጠገብ ቁጭ ብዬ አወራዋለሁ።

አንድ ቀን የነዳጅ ጋኗ ተሰነጠቀ። ጋሽ ሎሃ እናቴን ሳሙና ጠየቃት። የልብስ ሳሙናውን በመዳፉ አሽቶ አሽቶ ስንጥቁ ላይ ለጠፈው፤ ነዳጁ ቆመ። ሌላ ቀን ማርሿ ማልቀስ ጀመረ። ከጓሯችን ሙዝ አስቆረጠ፣ ከነልጣጩ ከግራሶ ጋር ለውሶ ማርሽ ሳጥኗ ውስጥ ከተተው፤ ልቅሶው ወደ ማጉረምረም ወረደ። የኋላ ባሌስትራዋ ሲሰበር የእንሰት ቃጫ በውሃ አርሶ ዙሪያውን ጠመጠመበት። "ሲደርቅ እንደ ብረት ይጠብቃል" አለኝ፤ እውነትም ጠበቀ። ራዲያተሯ ሲብስበት ደግሞ ሁለት እንቁላል አስመጣ። እናቴ ለእንግዳ ያስቀመጠችው እንቁላል ነበር። ሰብሮ ነጩን ከሙቅ ውሃው ጋር አጠጣት።

"ጋሽ ሎሃ፣ ትበላለች እንዴ?" አልኩት።

"አርጅታለች፣ አስቴር። ያረጀ ነገር ሳይበላ አይሠራም። እኔንስ አታይኝም?"

እናቴ ይህን ሰምታ ትኩስ የተቀቀለ የቦዬ ሥር በዳታ በርበሬ አቀረበችለት። በልቶ ሲጨርስ ተመልሶ ከመኪናዋ ሥር ገባ። ለእኔ ነገሩ በዚያ ቀን ተረጋገጠ። ሳሙናው፣ ሙዙ፣ እንቁላሉ፣ ሁሉም ምግብ ነው።

አባቴ ግን ትዕግሥት አልነበረውም። "ሎሃ፣ ይህቺ ነገር መቼ ነው የምትድነው?" ይላል በጓሮው እየተንጎራደደ።

"መዳኗን ተወው፣ አንጁሎ። ለቅዳሜ ገበያ ትደርሳለች ወይ ብለህ ጠይቀኝ።"

"ትደርሳለች ወይ?"

"በጠዋቱ አትደርስም።"

አንድ ነገር ያንገበግበኝ ነበር። ቦራ የምትሰበረው ሁልጊዜ በእኛ ሳምንት ነው። በጋሽ ዳልኬ ሳምንት ስኳር ድንች ጭና ወጥታ በሰላም ትገባለች፤ እኛ ዘንድ ስትመጣ ትወድቃለች። አሁን ሳስበው ምክንያቱ ቀላል ነው። አባቴ ሲነዳ በሬ እንደሚገርፍ ሰው ነበር። ጋሽ ዳልኬ ደግሞ ዳገት ሲደርስ ሰዉን ሁሉ አስወርዶ በእግሩ ያስወጣዋል። ያን ጊዜ ግን ይህ አልታየኝም። የታየኝ ጋሽ ዳልኬ ቤት ሳያበሏት እያስራቡ እንደሚመልሷት ነው። ለእናቴ ስነግራት "ዝም ብለሽ ውሃሽን ቅጂ" አለችኝ። ፍርድ የሌለበት ቤት ውስጥ የተወለድኩ መሰለኝ።

እና እኔ ፍርድ አሳያለሁ ብዬ ተነሳሁ።

እናቴ የኮታ ላም ወደ ሌላው ቤት ስትሄድ ቦሌ ሳታስልሳት ሰዳት አታውቅም። ቦሌ ከብት የሚወደው ጨዋማ አፈር ነው፤ ከቆላው በአህያ ተጭኖ ይመጣል። "ተርባ ሄደች እንዳይሉን" ትላለች። አንድ እሑድ ሁሉም ጸሎት ቤት ሳለ እኔ ሆዴን አመመኝ ብዬ ቀረሁ። ከጓዳ ቦሌ አንድ ጣሳ ሙሉ ወስጄ ድንጋይ ላይ ወቀጥኩት፤ አላምጣ መዋጥ ሳያቅታት አይቀርም ብዬ ነው ማድቀቄ። ክዳኗን ከፈትኩና እየቆነጠርኩ ከውሃ ጋር አጠጣኋት። ጉሮሮዋ ጉርጉር አለ። ከንፈሯ ላይ የቀረውን በቀሚሴ ጫፍ ጠረግኩላት። ከሰዓት በኋላ ጋሽ ዳልኬ ሲረከባት ደረቴን ነፍቼ ቆሜ ነበር። ከእኛ ቤት የወጣ እንዲህ ነው የሚወጣው፤ እነሱም ይማሩ።

ረቡዕ ዕለት ቦራ ከብላቴ ወንዝ በቆሎ ጭና ስትመለስ ዳገቱ መሃል ፈልታ ቆመች። አራት በሬ ተጠመደላት፣ ሁለት የእኛ ሁለት የጋሽ ዳልኬ። እየጎተቱ አምጥተው እኛ ግቢ ዋንዛው ሥር አቆሟት፤ ጋሽ ሎሃ የሚሠራው ጥላው ሥር ነው። በሬዎቹ አረፋ ደፍቀዋል። እውነቱን ልናገር፣ ደስ አለኝ። ለአንድ ጊዜም ቢሆን በእነሱ ሳምንት ተሰበረች።

ዓርብ ጋሽ ሎሃ ራዲያተሯን ፈትቶ ሣሩ ላይ ዘቀዘቀው። ቡናማ ጭቃ ዝርግፍ አለ። ጋሽ ሎሃ ጣቱን ነከረና አሸው። ሞተሩን ከፍቶ አየና "የሞተሩ ክዳን ተጣሟል" አለ። "በሙቀት ነው። ውሃው መዞር አቅቶት ነው።"

"ጭቃ ከየት መጣ?" አለ አባቴ።

"እኔ የነበረውን እንጂ የመጣበትን አላውቅም።"

አባቴ ግን የመጣበትን ያወቀ መሰለው። በማግስቱ ቅዳሜ ወደ ወፍጮ ቤቱ ሄደ፤ እኔም ተከተልኩ። ጋሽ ዳልኬ እዚያ እህል መዛኝ ነው። ሴቶቹ ከየመንደሩ የሚመጡት እሱ ስለሚመዝን ነው፤ ሚዛኑ ላይ ጣቱን የማያሳርፍ ሰው ይሉታል። የወፍጮው ሞተር ዱብ ዱብ ይላል። አባቴ ከድምፁ በላይ ጮኸ።

"ዳልኬ፣ የብላቴን ጭቃ አጠጥተህ ገደልካት!"

"ከብላቴ አልቀዳሁም" አለ ጋሽ ዳልኬ። "ከምንጩ የያዝኩት ጀሪካን ነበረኝ። እሱን ነው የጨመርኩት።"

"ማል።"

"አልምልም፣ አንጁሎ። አማኝ ነኝ፤ አይደለም ካልኩ አይደለም ነው።"

"የማይምል ሰው ውሸታም ነው" አለ አባቴ። ይህንን ያለው ወረፋ በያዙት ሴቶች ሁሉ ፊት ነው። ጋሽ ዳልኬ የሚዛኑን ድንጋይ በእጁ እንደያዘ ቀረ። አላስቀመጠውም። ከቅንድቡ ላይ ዱቄት ሲረግፍ አየሁ።

ከዚያ ቀን ወዲህ ነገሩ ከመኪናዋ አለፈ። ሴቶቹ እህላቸውን ሲያስመዝኑ ከቤታቸው ጣሳ ይዘው መጥተው እንደገና ይሰፍሩት ጀመር። አንዷ ጮክ ብላ፣ "ውሃ ላይ የዋሸ እህል ላይ ምን ያግደዋል?" አለች። የጋሽ ዳልኬ ሚስት ምንጭ የምትመጣበትን ሰዓት ለወጠች። አንድ ማለዳ ብቻዋን አገኘኋት። የወትሮውን ጉንጬን መቆንጠጥ ትታ "ደህና አደርሽ" ብላኝ ብቻ አለፈች። ወፍጮ ቤቱ ሌላ መዛኝ ሊያደርግ ነው የሚል ወሬም መጣ።

ማክሰኞ ከትምህርት ቤት ስመለስ ላማችን ተፈትታ ዋንዛው ሥር ቆማለች። ጋሽ ሎሃ ያፈሰሰው ጭቃ ሣሩ ላይ ደርቋል። ላሚቱ እሱን ትልሳለች። በዝግታ፣ ዓይኗን ጨፍና፣ ጨው እንደሚልሱት ነው የምትልሰው። ገፋኋት፣ አልሄድም አለች። ጎንበስ ብዬ ትንሽ ቆነጠርኩና ምላሴ ላይ አደረግኩ።

ጨው ነው። ቦሌ ነው።

እዚያው ላሚቱ አጠገብ ተቀመጥኩ። ቦራ አልበላችውም ነበር ማለት ነው። ሁሉንም ሆዷ ውስጥ ይዛው ነበር።

በዚያ ሌሊት አልተኛሁም ብል ውሸት ነው፤ ልጅ ነበርኩ፣ ተኛሁ። ግን ስነቃ ነገሩ ደረቴ ላይ ተቀምጦ ጠበቀኝ። ረቡዕ ጋሽ ሎሃ የተጣመመውን የሞተር ክዳን ሶዶ አስሞርዶ ሲመለስ እግሩ አጠገብ ተቀመጥኩ።

"ጋሽ ሎሃ፣ ጭቃው ቦሌ ነው። እኔ ነኝ ያበላኋት።"

መፍቻው ቆመ። ከሥር ተንሸራቶ ወጣ፤ ፊቱ ዘይት ብቻ ነው።

"ለምን?"

"አንተ እንቁላል ሰጥተሃት የለ።"

ሊስቅ ነው ብዬ ጠበቅኩ፣ አልሳቀም። "ይህን ለእኔ መንገር ምንም አያደርግም" አለ። "እኔ ማንንም አልከሰስኩም።"

ማታ እራት ላይ ለአባቴ ነገርኩት። እናቴ እጇን አፏ ላይ ጫነች። አባቴ የያዘውን ጉርሻ ወደ ሳህኑ መለሰው። ዱላ ይነሳል ብዬ ትከሻዬን ሰብስቤያለሁ። እሱ ግን "ጫማሽን አድርጊ" አለኝ፤ ሁለታችን እራታችንን ሳንጨርስ ጋሽ ዳልኬ ቤት ሄድን።

አባቴ ደጃፉ ላይ ቆሞ፣ "ዳልኬ፣ ተሳስቻለሁ። ይህቺ ልጅ ናት ያደረገችው" አለ። ጋሽ ዳልኬ አየኝ። ሚስቱ ከበስተጀርባው አየችኝ። "ይሁን" አለ ጋሽ ዳልኬ። "ተመስገን፣ ተገለጠ።" ግቡ አሉን፣ ወተት አቀረቡልን፣ ጠጣን። አባቴ ስንመለስ ሸክሙ ቀለለውና በእንሰቱ መሃል እያፏጨ ይሄዳል።

እኔ ግን አልቀለለኝም።

"አባዬ፣ ውሸታም ያልከው ወፍጮ ቤት ነው።"

"አዎ። አሁን ደግሞ ይቅር ተባባልን።"

"ይቅርታ ያልከው ቤቱ ነው። ሴቶቹ አልሰሙም። አሁንም በጣሳ ይሰፍራሉ።"

ፉጨቱ ቆመ። "ጥፋቱ የማን ነው? ያንቺ አይደለም?"

"ቦሌው የእኔ ነው። ውሸታም ያልከው ግን አንተ ነህ።"

"ዝም በይ፣ አንቺ ልጅ።"

ዝም አልኩ። በማግስቱ ግን ውሃ አልቀዳሁም። ጋሽ ሎሃ ራዲያተሩን ለማጠብ ብዙ ውሃ ይፈልግ ነበር። አባቴ "ተነሺ" አለኝ፤ ጀሪካኑን አቅፌ ደጃፉ ላይ ተቀመጥኩ። እናቴ ለመነችኝ፣ ቆነጠጠችኝ፣ እንደገና ለመነችኝ። "ወፍጮ ቤት ሄዶ ሲናገር እቀዳለሁ" አልኳት። ዓርብም ተቀምጬ ዋልኩ። አባቴ በአጠገቤ ባለፈ ቁጥር እግሬን አልሰበስብም፤ እሱ ዞሮ ያልፋል። ጋሽ ሎሃ ከመኪናዋ ሥር ሆኖ "አንጁሎ፣ እኔ ያለ ውሃ አልሠራም" ይላል፤ ሌላ ምንም አይጨምርም።

ቅዳሜ አባቴ የጸሎት ቤት ኮቱን ለበሰ። ማንንም ሳያናግር ወጣ። እናቴ በዓይኗ "ሂጂ" አለችኝ፤ ተከተልኩት።

የገበያ ቀን ነውና ወፍጮ ቤቱ ጢም ብሏል። አባቴ በቀጥታ ወደ ወፍጮው ባለቤት ሄዶ "ሞተሩን አጥፋልኝ" አለው። ሰዉ አጉረመረመ፤ አንድ ጊዜ ከጠፋ ማስነሳቱ ችግር ነው። ሰውዬው ግን የአባቴን ፊት አየና አጠፋው። ድምፁ ሲቆም ጆሮዬ ውስጥ ብዙ ቆየ። የዱቄት ሽታ ብቻ ቀረ፣ የጋለ የበቆሎ ዱቄት። ጋሽ ዳልኬ ሚዛኑ አጠገብ ቆሟል።

አባቴ ባርኔጣውን አወለቀ።

"ባለፈው ቅዳሜ እዚህ ቆሜ ዳልኬን ውሸታም ብዬዋለሁ" አለ። "ዳልኬ አልዋሸም። ከምንጩ ነው የቀዳው። አፈሩ የገባው እኔ ቤት ነው።"

"ማን ጨመረው?" አለች ከወረፋው አንዷ።

"የእኔ ቤት አልኩሽ እኮ።"

ስሜን አልጠራም። ሊጠራው እንዳልሆነ ገባኝ፤ ሊሸከምልኝ ነው። በሰው እግር መሃል ተሹለክልኬ ፊት ወጣሁ። "እኔ ነኝ" አልኩ። "ወደ እነሱ ተርባ እንዳትሄድ ቦሌ ሰጥቻት ነው።"

አንዲት አሮጊት "ለመኪና?" አለች፤ ሌላዋ "እኛ ቤት ላም እንኳ ይህን ያህል አላገኘችም" አለች፤ ቤቱ በሳቅ ተናጋ። ጋሽ ዳልኬ አልሳቀም። አባቴም አልሳቀም። ባርኔጣውን በሁለት እጁ ይዞ ወደ እኔ ጎንበስ አለና በዝግታ፣ እኔ ብቻ እንድሰማው፣ "አሁንስ በቃ?" አለኝ።

ልቤ አዎ ሊል ነበር። ግን መልሱ የእኔ አልነበረም።

"እሱን ጠይቀው" አልኩት።

አባቴ ቀና አለ። ዞሮ ጋሽ ዳልኬን አየው፤ አልጠየቀውም፣ አፉ እንቢ ብሎት ይሆናል። ሴቶቹም መሳቃቸውን አቆሙ። ጋሽ ዳልኬ የያዘውን የሚዛን ድንጋይ አስቀመጠ፣ በሰዉ መሃል መጣ፣ ባርኔጣውን ከአባቴ እጅ ወሰደና ራሱ ላይ መልሶ አደረገለት። ትንሽ ተጣሞ ነበርና አቃናለት።

በዱቄት የነጡ ጣቶቹ አሻራ ባርኔጣው ላይ ቀረ። አባቴ እስከ ቤት ድረስ አላራገፈውም።